የፀሐይ አምፖልና የቪታሚን ዱቄት፤ ነጋዴ ሳይመረምር ሊሸጠው የማይገባ ዕቃ

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ስም ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ማወቅ ይገባዋል። ጨው የሚሸጥ ሰው ጨው እርጥበት እንደሚያሟሟው ያውቃል፤ ቆዳ የሚገዛ ሰው የተበሳሳውን ከደኅናው በእጁ ዳስሶ ይለያል፤ ማር የሚነግድ ሰውም ስኳር የተደባለቀበትን ቀምሶ ይመልሳል። ነገር ግን ዓይን የማያየው፣ እጅ የማይዳስሰው፣ ምላስም የማይቀምሰው ነገር በሣጥን ታሽጎ ሲመጣ ነጋዴው በምን ይመረምረዋል? ዛሬ ለተከበሩ አንባብያን ላቀርብ የፈለግሁት ስለ እንደዚህ ያለ ዕቃ ነው፤ ይኸውም የማይታይ ጨረር ስለሚሰጥ አምፖልና ከእርሱ ጋር ተያይዞ ስለሚሸጥ የቪታሚን ዱቄት ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ውሻና ድመት እንደሚያሳድጉት ሁሉ፣ ኤሊን፣ እንሽላሊትን፣ እስስትንና እባብን በመስተዋት ሣጥን አኑረው በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። እነዚህ በደረት የሚሳቡ እንስሳት ከሞቃት አገር የመጡ ስለ ሆኑ፣ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ሲኖሩ አጥንታቸው ይለሰልሳል። ይህን ለመከላከል ባለቤቶቻቸው ሁለት ነገር ይገዛሉ፤ አንደኛው የፀሐይን ጨረር የሚተካ አምፖል፣ ሁለተኛው ካልሲየምና ቪታሚን ያለበት ዱቄት ነው። በዚህም ምክንያት ራሱን የቻለ ንግድ ቆሞ፣ ፋብሪካዎች አምፖሉንና ዱቄቱን እየሠሩ ለዓለም ሁሉ ይልካሉ።

ይህ ነገር ለእኛ ለመርጡለ ማርያም፣ ለቢቸናና ለሞጣ ነጋዴዎች እንደ ተረት ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን በሦስት ምክንያት ይነካናል። በመጀመሪያ፣ የውጭ አገር ፋብሪካዎች የዕቃ ዝርዝር ዛሬ በስልክ እስከ እኛ ሱቅ ድረስ ስለሚደርስ፣ «የፀሐይ አምፖል» የሚል ስም ያየ ነጋዴ ለዶሮ አርቢ ይሆናል ብሎ ሊያዝዝ ይችላል። ቀጥሎም፣ ለእንሽላሊት የሚሸጠው ቪታሚንና ለጫጩት የሚሸጠው ቪታሚን በመሠረቱ አንድ ስለ ሆነ፣ ስለ አንዱ የተማረ ሰው ስለ ሌላውም ያውቃል። በመጨረሻም፣ ከውጭ አገር «ኤሊ ወይም እስስት ላኩልን» የሚል ጥያቄ ለላኪዎች ቢቀርብ፣ ሕጉን ያላወቀ ሰው ከትርፍ ይልቅ ክስ ሊያገኝ ይችላል።

ፀሐይ ለአጥንት የምትሠራው ሥራ

የፀሐይ ብርሃን፣ ዓይን ከሚያያቸው ቀለሞች ሌላ ዓይን የማያየው ጨረር አለው። ይህም ጨረር አልትራቫዮሌት ይባላል። ሊቃውንት የሞገዱን ርዝመት ናኖሜትር በሚባል እጅግ ጥቃቅን መለኪያ እየለኩ በሦስት ከፍለውታል። ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው አልትራቫዮሌት ኤ፣ ከ280 እስከ 315 ያለው አልትራቫዮሌት ቢ፣ ከ100 እስከ 280 ያለው ደግሞ አልትራቫዮሌት ሲ ይባላል። ሲ የተባለውን በሰማይ ያለው ኦዞን ስለሚያስቀረው ወደ ምድር አይደርስም። ኤ የተባለው በብዛት ይደርሳል፤ ቢ የተባለው ግን ጥቂት ብቻ ይደርሳል። ለአጥንት የሚያስፈልገው ይኸው ጥቂቱ ነው።

ቢ የተባለው ጨረር በእንስሳው ቆዳ ላይ ሲያርፍ፣ በቆዳው ውስጥ ያለውን ከኮሌስትሮል ጋር የሚዛመድ ነገር ይለውጠዋል፤ የተለወጠውም በሰውነት ሙቀት ቪታሚን ዲ3 ይሆናል። ይህ ቪታሚን በጉበትና በኩላሊት አልፎ ሥራውን ሲጀምር፣ አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምን እንዲቀበል ያደርጋል። ቪታሚኑ ከሌለ ምግቡ በካልሲየም የተሞላ ቢሆን እንኳ አብዛኛው ሳይወሰድ ያልፋል። ሰውነት ግን ለልብና ለጡንቻ ሥራ ካልሲየም የግድ ስለሚያስፈልገው ከገዛ አጥንቱ ይበደራል። ብድሩም ሳይመለስ ሲቀር አጥንቱ ይለሰልሳል።

ያን ጊዜ የኤሊ ልብስ የሆነው ድንጋዩ በጣት ሲጫኑት የሚረግብ ይሆናል፤ ቅርጹም ይጣመማል። የእንሽላሊት መንጋጋ እንደ ጎማ ይለሰልሳል፤ እግሩ ይቆለመማል፤ ሰውነቱም ይንቀጠቀጣል። ለእንቁላል የደረሰችው እንስት እንቁላሏን መጣል አቅቷት ልትሞት ትችላለች። በሽታው በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም፤ ብዙ ወራት በዝምታ ከቆየ በኋላ ነው የሚታየው። ስለዚህ አምፖሉን የሸጠው ነጋዴ ዕቃው የማይረባ መሆኑ የሚታወቅበት ገንዘቡን ተቀብሎ ከረሳው በኋላ ነው። ገዢው ግን አይረሳውም።

የአምፖሉ ታሪክ የተጀመረው በእንስሳት ሳይሆን በሰው ልጆች ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ዓ.ም. ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም በርሊን ላይ አጥንታቸው የለሰለሰባቸውን ሕፃናት በሜርኩሪ መብራት ጨረር እያከመ መዳናቸውን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ተመራማሪዎች በቤት ተዘግተው የሚያድጉ ጫጩቶች እግር የሚደክመው በዚሁ ምክንያት መሆኑን ስለ ተረዱ፣ በክረምትም በቤት ውስጥ ዶሮ ማርባት ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አዶልፍ ቪንዳውስ ከቪታሚኖች ጋር ግንኙነት ስላላቸው ስቴሮል ስለሚባሉ ነገሮች ባደረገው ምርምር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ለኤሊና ለእንሽላሊት የሚሸጠው አምፖል የእነዚህ ሁሉ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ስም፣ አራት ዕቃ

እንግዲህ ለነጋዴው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በገበያ ላይ «አልትራቫዮሌት አምፖል» የሚል አንድ ስም ይዘው የሚመጡ ቢያንስ አራት ልዩ ልዩ ዕቃዎች አሉ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ እንዲያውም አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ጉዳት ያመጣል።

1ኛ. የብር ኖት መመርመሪያ መብራት፤ ይህን በባንክ መስኮትና በብዙ ሱቆች ጠረጴዛ ላይ እናየዋለን። የሚሰጠው አልትራቫዮሌት ኤ ሲሆን፣ በኖቱ ላይ የተሠራውን ስውር ምልክት ያበራል። ቪታሚን ግን አያስገኝም።

2ኛ. የዝንብና የትንኝ መሳቢያ መብራት፤ ይህም በሥጋ ቤትና በምግብ ቤት የሚሰቀለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መብራት ነው። ይህም የሚሰጠው ኤ ነው፤ ለአጥንት ጥቅም የለውም።

3ኛ. ተሕዋስያን መግደያ መብራት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በብዙ አገር እንደ ጉድ የተሸጠው ይህ ነው። የሚሰጠው ሲ የተባለውን ጨረር ስለ ሆነ የሰውንም የእንስሳንም ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ሕያው ነገር ባለበት ክፍል ውስጥ ገልጦ ማብራት አይገባም።

4ኛ. በደረት ለሚሳቡ እንስሳት ተብሎ የሚሠራው አምፖል፤ ይህ ከኤ ጋር ተገቢውን መጠን ያለው ቢ የሚሰጥ ነው። መስተዋቱም ጨረሩን እንዲያሳልፍ ሆኖ በልዩ የተሠራ ነው።

ከእነዚህ ሌላ፣ በዶሮ ቤት የምንሰቅለው ተራው የሙቀት አምፖል አለ። እርሱ ሙቀትና ብርሃን እንጂ ቢ የተባለውን ጨረር አይሰጥም። ለጫጩት ሙቀት የግድ ስለሚያስፈልግ ጠቃሚ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ሙቀት ሰጠ ማለት ፀሐይን ተካ ማለት አይደለም።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አንብቤ አይደለም። በምሠራበት የንግድ ቤት ጫጩት የሚያሳድጉ አንዲት እናት ከሌላ ከተማ የተገዛ መብራት ይዘው መጥተው ነበር።

«እናቴ፣ የሸጠልዎ ሰው መብራቱ ምን ይሠራል አለዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ፀሐይን ይተካል አለኝ፤ እኔም ሰማያዊ ብርሃኑን አይቼ አመንሁት። ጫጩቶቼ ግን ይኸው በእግራቸው መቆም አቃታቸው» አሉኝ።

ጌታዬ ነጋዴው ምንም ሳይናገሩ ከመሳቢያቸው የብር ኖት አውጥተው ከመብራቱ ሥር ዘረጉት፤ ስውሩም ምልክት ቦግ ብሎ በራ። የተሸጠላቸው የኖት መመርመሪያ ነበር። የጫጩት እግር የሚደክምበት ምክንያት ብዙ ስለ ሆነ፣ ጉዳቱን ሁሉ በመብራቱ ማላከክ አይቻልም። ሆኖም ሴትዮዋ ፀሐይን ገዛሁ ብለው የጫጩቶቹን ቤት ዘግተው ከርመው ነበር። ጫጩቶቹን ብርድ በሌለበት ሰዓት ወደ ፀሐይ እንዲያወጧቸውና የእንስሳት ሐኪም እንዲያማክሩ ነግረናቸው ሄዱ። ገንዘባቸውን የበላው ሻጭ ምናልባት አታላይ አልነበረም፤ የሣጥኑን ስም እንጂ የዕቃውን ጠባይ አላወቀም ይሆናል። ነገር ግን ለገዢው ሁለቱ አንድ ናቸው።

ደኅናው አምፖል በምን ይታወቃል?

አስመጪ ይህን ዕቃ ከማዘዙ በፊት ሊመለከታቸው የሚገቡ ጥቂት ነጥቦች አሉ።

የመጀመሪያው ቮልቱ ነው። በአገራችን ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አምፖል ግን ለ120 ቮልት የተዘጋጀ ስለ ሆነ፣ እንዲሁ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል። በዋጋ ርካሽ ሆኖ የቀረበ ዕቃ አንዳንድ ጊዜ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ርቀቱ ነው። ጨረሩ ከአምፖሉ በራቀ መጠን በብርቱ ይቀንሳል። በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ደኅና የሆነው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ምንም የማይረባ ሊሆን ይችላል፤ እጅግ ሲቀርብም ዓይንና ቆዳ ይጎዳል። ስለዚህ ደኅና ፋብሪካ በሣጥኑ ላይ «በዚህን ያህል ሳንቲሜትር ርቀት ይህን ያህል ኃይል» ብሎ ይጽፋል። ቁጥር የሌለበት፣ «እንደ በረሃ ፀሐይ» የሚል ወሬ ብቻ የተጻፈበት ሣጥን አጠራጣሪ ነው።

ሦስተኛው መስተዋት ነው። ተራ የመስኮት መስተዋት ብርሃንን ያሳልፋል፤ ቢ የተባለውን ጨረር ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያስቀረዋል። ስለዚህ ኤሊውን በመስኮት አጠገብ አኑሮ ፀሐይ አገኘ ማለት ከንቱ ነው። አምፖሉንም በመስተዋት ክዳን ላይ አስቀምጦ ማብራት ገንዘብን ማቃጠል ነው። ይህን ሻጩ ለገዢው ካልነገረው ደኅናውም ዕቃ መጥፎ ይባላል።

አራተኛው ዕድሜው ነው። አምፖሉ ለዓይን የሚታየውን ብርሃን እየሰጠ እንዳለ የማይታየው ጨረሩ እየደከመ ይሄዳል። እንደ ዓይነቱና እንደ አሠራሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ካገለገለ በኋላ መለወጥ ይኖርበታል። ይህን የማያውቅ ገዢ፣ አምፖሉ እስኪቃጠል ድረስ ሲጠብቅ እንስሳው ይታመማል። ጥንቁቅ ነጋዴ ግን የተሸጠበትን ቀን በሣጥኑ ላይ ጽፎ ይሰጣል፤ እንዲህ በማድረጉም ደንበኛው በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ጨረሩ ለመኖሩና ላለመኖሩ እርግጠኛው ምስክር መለኪያ መሣሪያ ስለ ሆነ፣ በብዛት የሚያስመጣ ሰው ለራሱ አንድ መለኪያ ቢገዛ አይጸጸትም።

አምስተኛው የአያያዙ ነገር ነው። ብዙዎቹ አምፖሎች በውስጣቸው ጥቂት ሜርኩሪ አለባቸው። በመንገድ ቢሰበሩ ስብርባሪውን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ ክፍሉንም አናፍሶ በጥንቃቄ መጥረግ ያስፈልጋል።

ስለ ዱቄቱ

ከአምፖሉ ጋር የሚሸጠው ዱቄት በሦስት ይከፈላል። አንዱ ካልሲየም ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ካልሲየምና ቪታሚን ዲ3 ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ቪታሚን ኤን ጨምሮ ልዩ ልዩ ቪታሚኖች የተደባለቁበት ነው።

ካልሲየሙ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ይህም በእንቁላል ቅርፊትና በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለው ነገር ነው፤ በንጹሕነቱ ጊዜ ከመቶ 40 እጅ ያህሉ ካልሲየም ነው። ለእንሽላሊት የሚሰጡት እንደ ፌንጣ ያሉ ተባዮች ካልሲየማቸው ጥቂት፣ ፎስፎራቸው ግን ብዙ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ተባዮቹን ከመስጠቱ በፊት በዱቄቱ ይነሰንሳቸዋል። አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ ብቻ ለሚበላም እንስሳ እንዲሁ ነው። እባብ ግን አይጥን ከነአጥንቱ ስለሚውጥ ይህ ችግር ብዙ አያገኘውም።

ዲ3 የሚለካው ዓለም አቀፍ ዩኒት በሚባል መለኪያ ነው፤ 40 ዩኒት ማለት 1 ማይክሮግራም ነው። ከዚህ ማንም ሊረዳው እንደሚችል፣ የሚያስፈልገው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ቪታሚን ዲና ቪታሚን ኤ በስብ የሚሟሙ ስለ ሆኑ ትርፋቸው ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ይጠራቀማል። ዲ3 ሲበዛ ካልሲየሙ አጥንት ባልሆነ ቦታ፣ በኩላሊትና በደም ሥር ላይ ይጋገራል። ቪታሚን ኤ ሲያንስ የኤሊ ዓይን ያብጣል፤ በመርፌ ከመጠን በላይ ሲሰጥ ደግሞ ቆዳዋ ይላጣል። ስለዚህ «ቪታሚን ነውና ቢበዛ አይጎዳም» እያለ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ይበድላል።

ቪታሚኖቹ በሙቀት፣ በብርሃንና በእርጥበት ይበላሻሉ። በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ፀሐይ በሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ የከረመ ዱቄት መልኩ ባይለወጥም ኃይሉ ሊጠፋ ይችላል። የሚያልፍበት ቀን በግልጽ ያልተጻፈበትን ጣሳ ከመግዛት መቆጠብ ይሻላል።

ለላኪዎች የሚያስደንቅ አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም ላይ የሚሸጠው ቪታሚን ዲ3 በብዛት የሚሠራው ከበግ ፀጉር ከሚታጠበው ስብ ነው። ስቡ ተጣርቶ ከተዘጋጀ በኋላ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲበራበት ቪታሚን ይሆናል። ከበግ ጀርባ ታጥቦ የሚወጣው እድፍ የሚመስለው ነገር፣ ጥበብ ባለው ሰው እጅ በማይክሮግራም የሚመዘን ዕቃ ሆኖ ተመልሶ ይሸጥልናል።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ በደረት የሚሳቡ እንስሳትን ለንግድ በማርባት የታወቀው ቦታ አርባ ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት የተቋቋመው የአርባ ምንጭ የአዞ እርባታ፣ ከጫሞና ከአባያ ሐይቆች ዳር እንቁላልና ግልገል እየተሰበሰበ፣ ግልገሎቹ አድገው ቆዳቸው ለውጭ ገበያ እንዲቀርብ የታሰበ ነው። የአዞ ቆዳ ዋጋው በሆዱ ስፋትና በንጽሕናው ስለሚመዘን፣ የግልገሎቹ ጤና የቆዳው ጤና ነው። የእንስሳት ሐኪሞች እንደሚያስተምሩት፣ በእርባታ ያለ የአዞ ግልገል አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ ቢመገብ መንጋጋው ይለሰልሳል፤ ጥርሱም ይሳሳል። ስለዚህ የካልሲየምና የቪታሚን ነገር በአገራችንም የወጪ ንግድ ጉዳይ ነው።

የብስ ኤሊ ደግሞ በአንዳንድ ግቢ ውስጥ ሣር እየበላች ከሰው ጋር ስትኖር ትታያለች። በአገራችን ከሚገኙት አንዷ፣ ድንጋይዋ እንደ ነብር የተዥጎረጎረው ኤሊ ናት። በግቢ የምትኖር ኤሊ አምፖል አያስፈልጋትም። የእኛ አገር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ከ10 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ብሎ የሚገኝ ደጋ ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ላይ ትቆማለች። ከፍታውም በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የጨረሩ ኃይል ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። ለንደን ወይም ስቶክሆልም ያለ ሰው በብዙ ገንዘብ የሚገዛው ጨረር በእኛ ሜዳ ላይ በነፃ ይፈስሳል። ለእንስሳው የሚያስፈልገው ፀሐይ የሚያገኝበት ሜዳ፣ ሲሞቀው የሚሸሽበት ጥላና ካልሲየም ያለው ቅጠል ነው።

ነገር ግን ኤሊንም ሆነ እስስትን ከዱር ይዞ መሸጥ እንደ ማንኛውም ንግድ የሚታይ አይደለም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 በዱር እንስሳ ለመነገድ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. ሳይተስ የሚባለውን፣ የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ስምምነት ተቀብላለች። የብስ ኤሊዎች ሁሉ በዚህ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስላሉ፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት ከአገር ሊወጡ አይችሉም። ወረቀቱ ቢኖርም እንኳ ገዢው አገር ላይቀበል ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ነብርማውን ኤሊ ጨምሮ ሦስት ዓይነት የአፍሪካ ኤሊዎች ወደ አገሩ እንዳይገቡ የከለከለው፣ በላያቸው ያለው መዥገር ከብት የሚገድል በሽታ ያስተላልፋል ብሎ ነው። እንግዲህ ላኪዎች ከማናቸውም ውል በፊት የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባቸዋል።

ለእኛ ገበያ የሚበጀው

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ፣ «ታዲያ ምን እናስመጣ? ምንስ እንሽጥ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በእኔ አስተያየት ለምሥራቅ ጎጃም ገበያ ትርፍና ጥቅም ያለው አምፖሉ ሳይሆን ዕውቀቱ ነው። በዙሪያችን የተሻሻለ ዝርያ ጫጩት በተዘጋ ቤት የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ለእነርሱ የሚያስፈልገው በደንብ የተቀመመ፣ ዲ3 ያለበት መኖ ነው። እዚህ ላይ አስመጪው «ቪታሚን ዲ» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይቶ እንዳይታለል አደራ እላለሁ። ዲ2 የሚባል ሌላ ዓይነት አለ፤ ዶሮ በእርሱ የምትጠቀመው እጅግ በጥቂቱ ነው። በጣሳው ላይ ያለው አንድ ቁጥር፣ 2 ወይም 3 መሆኑ፣ የመንጋውን እግር ይወስናል።

ካልሲየሙንም ቢሆን ከባሕር ማዶ ማምጣት ላያስፈልግ ይችላል። በዐባይ ሸለቆ፣ በደጀን በኩል፣ የኖራ ድንጋይ በብዛት አለ። ተፈጭቶ ለመኖ እንዲውል የሚያስብ ሰው አስቀድሞ በላቦራቶሪ አስመርምሮ፣ ጎጂ ነገር የሌለበት መሆኑን አረጋግጦ፣ መኖ ለመነገድ የሚያስፈልገውንም ፈቃድ አውጥቶ ቢነሣ፣ ሩቅ ሳይሄድ ሥራ ያገኛል።

አንድ ከባድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ስለ ጫጩትና ስለ ኤሊ የተናገርነው ለሕፃናትም ይሠራል። ብዙ እናቶች ምች እንዳይመታው፣ የሰውም ዓይን እንዳያርፍበት ብለው ሕፃኑን ሸፍነው በጨለማ ቤት ያቆዩታል። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ አጥንት የሚያለሰልሰው ሪኬትስ የሚባል በሽታ እንደ ነበረባቸው፣ የሳንባ ምች ከሌለባቸው ከሌሎቹ 500 መካከል ግን 20ዎቹ ብቻ እንደ ነበረባቸው አስረድቷል። በፀሐይ አገር ተወልዶ ፀሐይ ያጣ ሕፃን ከኤሊዋ የባሰ ነው። ስለዚህ ማናቸውም ባለ ሱቅ፣ «ለልጄ የፀሐይ አምፖል ሽጥልኝ» የሚል ደንበኛ ቢመጣበት፣ ምንም ዓይነት አምፖል ሳይሸጥለት ወደ ጤና ጣቢያ ይምራው። በዚያ የሚሰጠው ምክር ከአምፖሉ ይልቅ ርካሽ፣ ከአምፖሉም ይልቅ የታመነ ነው።

ነጋዴው ከማዘዙ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ለማስታወስ እንዲመች፣ ከዚህ በላይ የተባለውን በአጭሩ እደመድመዋለሁ። ዕቃው ሲቀርብላችሁ የሚከተለውን ጠይቁ።

1ኛ. አምፖሉ የሚሰጠው ጨረር ኤ ነው? ቢ ነው? ወይስ ሲ? የሞገዱስ ርዝመት ስንት ናኖሜትር ነው?

2ኛ. በስንት ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል ኃይል አለው? ስንት ወርስ ያገለግላል?

3ኛ. ለ220 ቮልት የተሠራ ነው?

4ኛ. ዱቄቱ ዲ3 ነው ወይስ ዲ2? በ1 ግራም ውስጥ ስንት ዩኒት አለበት? የሚያልፍበት ቀንስ መቼ ነው?

5ኛ. ዕቃው የሚፈለገው ለየትኛው እንስሳ ነው? እንስሳውስ በሕግ የተያዘ ነው?

6ኛ. ገዢው በሜዳው ያለው ፀሐይ አይበቃውም?

የመጨረሻው ጥያቄ ሽያጭን የሚያስቀር ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜም በእውነት ያስቀራል። ነገር ግን በአንድ ገበያ የሚኖር ነጋዴ የሚነግደው ለአንድ ቀን አይደለም። «ይህ ለአንተ አያስፈልግህም» ብሎ ደንበኛውን በነፃ የመለሰ ነጋዴ፣ በሌላ ቀን «ይህስ ያስፈልግሃል» ሲል ይታመናል። ዓይን የማያየውን ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ደግሞ ዋናው ካፒታል መታመን ነው።